ከውሃ ሥር የሚተኛ ዘይት፦ በፀሐይ የሚነበበው ባለቀለም ስክሪን የት ደረሰ?

በውይይት መድረክ ላይ የከፈትኩት ክር ከሃያ በላይ መልስ አግኝቷል፤ መልሶቹም መጀመሪያ የያዝኩትን ሐሳብ ከግማሽ በላይ አስቀይረውኛል። ስለዚህ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስኩ ፍሬ ነገራቸውን እዚህ አሰባስቤያለሁ። የመነሻው ጽሑፍ የሚከተለው ነበር።

የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነኝ። ከዓመቱ ግማሹን የማሳልፈው በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ነው፤ የምሠራውም ታብሌት ላይ በተጫነ ባለቀለም ካርታ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ስክሪኑ መስታወት ይሆንብኛል፤ ከካርታው ይልቅ የማየው የራሴን ፊት ነው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ካደረግሁት ባትሪው ከምሳ በፊት ያልቃል። ስለዚህ ነጠላ ተከናንቤ፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው አጎንብሼ ነው ካርታውን የማነበው፤ ረዳቶቼ በዚህ መሳቅ ከተዉ ቆይተዋል። በቅርቡ ኤሌክትሮዌቲንግ ስለሚባል ቴክኖሎጂ አነበብኩ። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ አንድ ነጥብ፣ ነጭ ወለል ያለው ትንሽ ጓዳ ነው፤ ወለሉ ውሃ በማይወድ ስስ ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ በላዩ ባለቀለም ዘይት ተዘርግቷል፤ ከዘይቱ በላይ ደግሞ ውሃ አለ። ኤሌክትሪክ ሳይኖር ዘይቱ ወለሉን ሁሉ አልብሶ ቀለሙን ያሳያል። ቮልቴጅ ሲሰጠው ውሃው ወደ ወለሉ ይሳብና ዘይቱን ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል፤ ነጩ ወለል ይገለጣል። መብራቱ ራሷ ፀሐይ ስለሆነች ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ምስሉ ይጠራል እንጂ አይጠፋም። ሮበርት ሄይስና ዮሃን ፌንስትራ የተባሉ የፊሊፕስ ተመራማሪዎች ይህን በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ ምስሉ ለቪዲዮ በሚበቃ ፍጥነት እንደሚቀያየር አሳይተው ነበር። ታዲያ እስካሁን በሱቅ የማይገኘው ለምንድን ነው? የእኔ ግምት ፊዚክሱ እንዳልከዳው፣ የቀበሩት ነጋዴዎቹ እንደሆኑ ነው።

መልስ 1 በአክብሮት አመስግነው የጀመሩ ሰው የጻፉት ሲሆን፣ የምፈልገው ዕቃ ኪንድል በተባለው የአማዞን የንባብ መሣሪያ ላይ ለዓመታት ሲሸጥ የኖረው ኢ-ኢንክ መሆኑን፣ አዲስ ነገር መፈለግ እንደማያስፈልገኝም ነገሩኝ። መልስ 2 ይህን በእርጋታ አረመ። በኢ-ኢንክ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የነጭና የጥቁር ቀለም ብናኞች ናቸው፤ አንዴ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄዱ በኋላ ባትሪው ቢነቀልም ባሉበት ይቆያሉ። በዘይትና በውሃው ስክሪን ላይ ግን ቮልቴጁ ሲነሣ ዘይቱ ተመልሶ ወለሉን ያለብሳል። ጸሐፊው ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር ያስቀመጡት፤ እኔም ያን ጊዜ ብዙ ቦታ አልሰጠሁትም። በኋላ ክሩ ሙሉ በሙሉ የዞረው በዚሁ ዙሪያ ነው።

መልስ 3 ሳያስበው ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ስህተት ነበር። ጸሐፊው ቀኔ የተሳሳተ መሆኑን፣ በ2003 ቴክኖሎጂው ከፊሊፕስ ወጥቶ ሳምሰንግ የያዘውን ኩባንያ የገዛበት ጊዜ እንደነበረ ጽፈው ሌላ ጊዜ ሳላጣራ እንዳልጽፍ ገሠጹኝ። ለካ እሳቸው በእኛ አቆጣጠር ነው ያነበቡት። የኔቸሩ ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003፣ በእኛ መስከረም 1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳምሰንግ ሊኳቪስታ የተባለውን ኩባንያ መግዛቱ የተሰማው ደግሞ በእኛ ጥር 2003 ዓ.ም. ነው። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ እ.ኤ.አ. የሚሉትን ፊደሎች መተው የእኔ ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 4 ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የነበረውን ጥያቄ አነሣ፦ ዘይት ከውሃ እንደሚቀል ማንም ወጥ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ታዲያ ዘይቱ ከውሃው ሥር እንዴት ሊተኛ ይችላል? ስክሪኑ ሲቆምስ ወደ አንድ ወገን አይፈስም ወይ? መልሱን በቁጥር 5 የሰጡት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ተሳታፊ ናቸው። ክብደት የሚገዛው ትልልቁን ነገር መሆኑን፣ ነገሩ እያነሰ ሲሄድ ግን ዳኝነቱ ከክብደት ተነሥቶ ወደ ፈሳሹ ገጽ ውጥረት እንደሚዛወር አስረዱ። ለንጹሕ ውሃ ድንበሩ 2.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የፒክስሉ ስፋት ግን ሩብ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ፣ የዘይቱም ውፍረት በማይክሮሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ስክሪኑ ጠረጴዛ ላይ ቢተኛም ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም ለዘይቱ ለውጥ የለውም። ቀጥለውም በጎዳሬ ቅጠል ላይ የወደቀ የዝናብ ጠብታ ቅጠሉን ሳያርስ ተንከባሎ እንደሚወርድ አስታወሱን፤ የፒክስሉ ወለልም ውሃን እንዲሁ ይሸሻል፣ ዘይትን ግን ይቀበላል፤ ዘይቱ ከታች የሚተኛው ከብዶ ሳይሆን ወለሉ ስለመረጠው ነው። ከመላው ክር በጣም የወደድኩት ይህን መልስ ነው።

መልስ 6 ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን በጎመን ዘር ከታሸ ምጣድ ጋር አመሳሰለው። ጸሐፊዋ ሊጡ የማይጣበቀው ዘይቱ የሸክላውን ፊት ስለለወጠው መሆኑን፣ እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት እንደነበር ጻፉ። መልስ 7 ግን ምሳሌውን በቁጣ ነበር የተቀበለው። ሁሉንም የውጭ ግኝት እኛ ቀድመን እናውቀው ነበር ማለት ልማድ እንደሆነብን ከወቀሱ በኋላ፣ ቁም ነገሩ ውሃን የሚሸሽ ገጽ መሥራት ሳይሆን ያንን ሽሽት በፈለጉት ሰዓት በቮልቴጅ ማብራትና ማጥፋት መቻል መሆኑን፣ ማብሪያ ማጥፊያ ተጫንን ብለን ምጣዳችን መጣበቅ እንደማይጀምር ጻፉ። የመልስ 6 ጸሐፊ ለዚህ የሰጡት ምላሽ አጭር ነበር፦ የእሳቸው ምጣድ የኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ይጣበቃል። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ክሩ ወደ መብራት መቆራረጥ ወሬ ሄዶ ነበር፤ እሱን እዚህ አላሰፈርኩትም። በፍሬ ነገሩ ግን ቁጥር 7 ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የቃላቸው መክረር ምክንያቱን አያደክመውም።

መልስ 8 ታሪኩን ከሥሩ አነሣ። በሉክሰምበርግ ተወልዶ በፓሪስ ያስተማረው ገብርኤል ሊፕማን በ1875 ሜርኩሪ ከአሲድ ጋር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ፣ አነስተኛ ቮልቴጅ የሜርኩሪውን ከፍታ እንደሚቀይር በሒሳብ አስረዳ። ከዚህ የተሠራው መለኪያ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ማንበብ ይችል ስለነበር፣ ኦገስተስ ዎለር በ1887 በለንደን የሰው ልብ ምትን ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በዚሁ መሣሪያ ነበር። ጸሐፊው ይህን ካነሡ በኋላ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናውቀውን የልብ ምርመራና የእኔን የካርታ ስክሪን የአንድ አባት ልጆች አድርገው አገናኟቸው፤ ትንሽ የተለጠጠ ቢሆንም ደስ የሚል ዝምድና ነው። ነገር ግን ውሃን በቀጥታ ከኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ብረት፣ ጋር ማገናኘት ከአንድ ቮልት ብዙም ሳያልፍ ውሃውን ወደ ጋዝ መበታተን ይጀምራል። ለዚህ መላ የመጣው በ1993 ሲሆን፣ ብሩኖ በርዥ የተባለው ፈረንሳዊ በውሃውና በብረቱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን አስገባ። ከዚያ ወዲህ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ ቮልት መስጠት ተቻለ፤ የሚገኘውም ስበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ጸሐፊው ሊፕማን በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ሳይሆን በባለቀለም ፎቶግራፍ መሆኑን በቅንፍ ጨምረዋል፤ ይህች ቅንፍ በኋላ ትመለሳለች።

ከቁጥር 9 እስከ 11 ያሉት ስለ ስሙ ናቸው። አንዱ ኤሌክትሪካዊ ማርጠብ እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሌላው ውሃው መቼም ቢሆን ከጓዳው ስለማይወጣ ማርጠብ የሚለው ነገሩን እንደማይገልጸው፣ ጥያቄው ወለሉን የሚነካው ማን ነው የሚል እንደሆነ ተከራከሩ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፈረንጆቹ እንደሚሉት ኤሌክትሮዌቲንግ ብለን እንድንቀጥል ለመኑ። እኔም እንደ ሦስተኛው ቀጥያለሁ።

መልስ 12 ካልጠበቅሁት ወገን መጣ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ በማተሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት የሠሩ ሲሆን፣ ስለ ቀለም የሚወራው ሁሉ ለእሳቸው የዕለት ሥራ ነው። ቴሌቪዥን ብርሃን ስለሚያመነጭ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን ይደምራል፤ ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን ስለሌለው ከመጣለት ነጭ ብርሃን ላይ እየቀነሰ ነው ቀለም የሚሰጠው፤ ፎር ከለር ብለው የሚጠሩት ሥራም ሲያን (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ቀይ ሐምራዊ)፣ ቢጫና ጥቁር የሚጠቀመው ለዚህ ነው። በፀሐይ የሚነበብ ስክሪንም እንደ ወረቀት ማሰብ እንዳለበት፣ ቀይ ማጣሪያ ከነጭ ወለል ፊት ማቆም ግን ሁለት ሦስተኛውን ብርሃን መጣል እንደሆነ አስገነዘቡ።

መልስ 13 በዚህ ላይ ሒሳቡን ሠራ፤ ነገሩ ለእኔ የገባኝም እዚህ ላይ ነው። ነጭ ብርሃን ሦስት እኩል ክፍል አለው እንበል። ፒክስሉን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ብንከፍለው ነጭ ገጽ ለማሳየት ስንፈልግ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሦስተኛውን ብቻ ስለሚመልስ አጠቃላይ ብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ነው። ስክሪኑ በብዙ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ያለው ኤልሲዲ ከሆነ ደግሞ ፖላራይዘር የሚባለው የብርሃን ማጣሪያው ገና ከመግቢያው ግማሹን ስለሚወስድ የሚቀረው አንድ ስድስተኛ ነው። የፊሊፕስ ሰዎች ያቀረቡት መላ ሌላ ነበር። በእያንዳንዱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ለየብቻ የሚታዘዙ ሁለት የዘይት ንብርብሮች ይደረጋሉ፤ ሦስተኛው ቀለም ቋሚ ማጣሪያ ይሆናል። ለምሳሌ ማጣሪያው ሲያን ከሆነ ዘይቶቹ ማጀንታና ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም ሲዘረጉ ጥቁር፣ ሁለቱም ሲሰበሰቡ ሲያን ይታያል። ሲያን የሚውጠው አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም ቀዩን፣ ብቻ ስለሆነ ከሦስቱ ክፍሎች የሚመለሰው ብርሃን ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ሁለት ሦስተኛ ለአንድ ስድስተኛ አራት እጥፍ ነው፣ ለአንድ ሦስተኛ ደግሞ ሁለት እጥፍ። በኔቸሩ ጽሑፍ ላይ አንጸባራቂ ከሆነው ኤልሲዲ አራት እጥፍ፣ ከሌሎቹ አዳዲስ ስክሪኖች ሁለት እጥፍ ብሩህ ነው የተባለውም ከዚሁ ስሌት ጋር ይገጥማል። ይህ ግን የወረቀት ላይ ስሌት መሆኑን ጸሐፊው ራሳቸው አልሸሸጉም፤ ጥግ ላይ የተሰበሰበው ዘይት ከወለሉ የተወሰነውን ቦታ ሁልጊዜ ስለሚይዝ፣ መስታወቱና ኤሌክትሮዱም የየድርሻቸውን ስለሚወስዱ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያንሳል።

ክርክሩ የጋለው በቁጥር 14 እና 15 ነው። መልስ 14ን የጻፉት ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አነስተኛ ኃይል የሚለውን አባባል በቁጥር ማስደገፍ ፈለጉ። ፒክስሉ ካፓሲተር፣ ማለትም በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ፣ ነው፤ ውሃው አንዱ ሰሌዳ፣ ከወለሉ ሥር ያለው ኤሌክትሮድ ሌላው፣ ፕላስቲኩ መለያያው። የፕላስቲኩን ውፍረት 1 ማይክሮሜትር፣ ቮልቴጁን 20 አድርገን፣ ፕላስቲኩ ከቴፍሎን ቤተሰብ ነው ብንል፣ 9 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ ስክሪንን በሙሉ አንዴ ለመቀየር 73 ማይክሮጁል ገደማ ይበቃል። በሰከንድ 60 ጊዜ ቢቀያየር እንኳ 4.4 ሚሊዋት ነው፤ በአንጻሩ የታብሌት የጀርባ መብራት ዋት በሚሉት መለኪያ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የእኔ ጥርጣሬ ትክክል እንደሆነ፣ ፊዚክሱ ምንም እንዳላጎደለ ደመደሙ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን አንድ ሰዓትም አልቆየም።

መልስ 15 የመጣው እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባል ከነበረው ክር ውስጥ አንተ በሚል ቃል ተጀምሮ ነው። ጸሐፊው የቁጥር 14ን ስሌት የተማሪ ስሌት ብለው ካጣጣሉ በኋላ ሦስት ነገር አነሡ። የመጀመሪያው ቮልቴጁን እንደያዙ ማቆየት ዘይቱን እንደማያቆየው ነው፤ በቋሚ ቮልቴጅ ሥር ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ የውሃው ስበት ይደክማል፣ ዘይቱም ሾልኮ ወደ ወለሉ ይመለሳል፤ ምስሉ ሳይነካ ይደበዝዛል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቮልቴጁን በየጊዜው ዜሮ ማድረግ ወይም አዎንታዊና አሉታዊውን ማፈራረቅ ነው፤ ስበቱ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ አቅጣጫው ቢገለበጥ ለምስሉ ግድ የለውም። ነገር ግን መታደስ ያለበት ስክሪን ምንጊዜም ነቅቶ የሚያድር ስክሪን ነው። ሁለተኛው፣ ከአንድ ደረጃ በላይ ቮልቴጅ ቢጨመር የውሃው ጠርዝ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን አይቀየርም፤ ይህ ሙሌት ለምን እንደሚከሰት ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሦስተኛው፣ ፒክስሎቹን የሚያዝዘው ቺፕና ቮልቴጁን የሚያደርሱት ረጃጅም መስመሮች ከፒክስሎቹ በላይ ይበላሉ። አንድን ገጽ አሥር ደቂቃ ለሚያነብ ሰው ኢ-ኢንክ በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ምንም አይወስድም፤ ከምንም ጋር በ4.4 ሚሊዋት መወዳደር አይቻልም።

ቁጥር 14 በእርጋታ ተመልሰው፣ ቆሞ ያለ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ መታደስ እንደሌለበት፣ 2 ጊዜ ቢታደስ ከ0.15 ሚሊዋት እንደማይበልጥ ጻፉ፤ ቁጥር 15 ደግሞ ይህም የፒክስሎቹ ብቻ እንደሆነ ደግመው አስታወሱ። አስተናባሪው ገብተው ሁለቱንም በስመ እግዚአብሔር አረጋጓቸው። የእኔን ፍርድ ለጠየቀኝ፣ ሁለቱ የተጣሉት በተለያየ ጥያቄ ላይ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚባለው ነገር ምስሉ ምን እንደሚሠራ ሳይነገር ትርጉም የለውም። የሚሮጥ ምስል ለሚፈልግ ሰው ዘይትና ውሃው በአሥር ሚሊሰከንድ አካባቢ ስለሚቀያየር፣ የጀርባ መብራትም ስለማይሻ ቁጠባው ከፍተኛ ነው፤ ቆሞ የሚነበብ ገጽ ለሚፈልግ ግን ብናኙ ባለበት ስለሚቀር ኢ-ኢንክን የሚረታው የለም። መልስ 2 በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

መልስ 16ን የጻፉት በኔዘርላንድ የሚኖሩና በአንድ ላቦራቶሪ ይህን መሰል ፒክስል ሲሞሉ እንደነበር የገለጹ ወገናችን ናቸው። ከእሳቸው በፊት የጻፍነው ሁላችንም የፋብሪካውን ወገን ረስተነው ነበር። ወለሉ ምንም ነገር የማይጣበቅበት መሆኑ የቴክኖሎጂው ነፍስ ነው፤ ነገር ግን ጓዳዎቹን የሚለዩት ጥቃቅን ግድግዳዎች በዚያው በማይጣበቅበት ወለል ላይ መቆም አለባቸው። ስለዚህ ወለሉን በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) አሻክረው ግድግዳውን ከሠሩበት በኋላ፣ የጠፋውን ውሃ የመሸሽ ጠባይ ለመመለስ እንደገና ያሞቁታል። ቀጥሎ ወደ 800 ሺህ ለሚጠጉ ጓዳዎች ውሃ ውስጥ ሆኖ እኩል ዘይት ማደል አለ፤ የበዛበት ጓዳ ወደ ጎረቤቱ ያፈስሳል፣ ያነሰበት ወለሉን መሸፈን ያቅተዋል። ፕላስቲኩ ላይ በዓይን የማይታይ አንዲት ቀዳዳ ካለች ደግሞ ኤሌክትሪኩ በእሷ ያልፍና ውሃው አረፋ ያወጣል። ቀለሙም ዘይት ውስጥ በብዛት መሟሟት፣ ውሃ ውስጥ ግን ጨርሶ አለመሟሟት፣ በዓመታት ፀሐይም አለመፍዘዝ አለበት። እሳቸው አንድ ክረምት ሙሉ የደከሙበት ናሙና መጨረሻ ላይ በማሸጊያው በኩል ውሃው ተንኖ መበላሸቱን ሲተርኩ ምሬታቸው ከጽሑፉ ይታይ ነበር።

መልስ 17 ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቴክኖሎጂውን የገዙት ሆን ብለው ለመቅበር ነው አለ። መልስ 18 በሰላ ቃል መለሰለት። ሊኳቪስታ በ2006 ከፊሊፕስ ተለይቶ በአይንድሆቨን ተቋቋመ፤ በ2011 መጀመሪያ የሳምሰንግ፣ በ2013 የአማዞን ሆነ፤ የተዘጋው በ2018 ነው። የሚቀብር ሰው ለአምስት ዓመት ደመወዝ እየከፈለ አይቀብርም፤ አማዞን ደግሞ ከማንም በላይ የንባብ ስክሪን የሚያስፈልገው ኩባንያ ስለሆነ የሚቀብርበት ምክንያት አልነበረውም። ቁጥር 17 ከዚህ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። የእኔም የመነሻ ግምት ከእሳቸው ብዙ የራቀ ስላልነበር ዱላው በከፊል እኔንም እንዳገኘኝ አልሸሽግም።

መልስ 19 ፈሳሾቹ ሥራ አለመፍታታቸውን አመለከተ። ብሩኖ በርዥ በ2002 የመሠረተው ቫሪዮፕቲክ በዘይትና በውሃ መካከል ያለውን ድንበር በቮልቴጅ እያጎበጠ ሌንስ ሠራ፤ እንዲህ ያለው ሌንስ ዛሬ በፋብሪካ ባርኮድ አንባቢዎች ውስጥ አለ። ጠብታን በኤሌክትሮዶች ላይ እየነዱ ማደባለቅና መክፈልም የደምና የዘረመል ምርመራን በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ለመሥራት አገልግሏል። ስክሪኑንም ቢሆን በቻይና ጓንግጆ ያሉ ተመራማሪዎች አልተዉትም።

መልስ 20 ከፀሐይ ጋር የታገሉ ሌሎች ስክሪኖችን አስታወሰ። ኳልኮም ሚራሶል ብሎ የሠራው ስክሪን ቀለም የሚሰጠው በምንም ማቅለሚያ ሳይሆን እንደ ሳሙና አረፋ በብርሃን ሞገዶች መገጣጠም ነበር፤ በ2011 መጨረሻ በደቡብ ኮሪያ በአንድ የንባብ መሣሪያ ላይ ለገበያ ቢቀርብም በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ራሱ ከማምረቱ ወጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ የቁጥር 8ን ቅንፍ አነሡ፦ የሊፕማን ባለቀለም ፎቶግራፍም ያለ ማቅለሚያ፣ በዚሁ በሞገዶች መገጣጠም የሚሠራ ነበር፤ አንድ ሰው የሁለት ተወዳዳሪ ስክሪኖችን ሥር አበጅቶ ሄደ ማለት ነው። ከዚያም ወደ ቤታችን መጡ። ለተማሪዎች ተብለው ከተሠሩት ኤክስኦ ከሚባሉት ትንንሽ ላፕቶፖች የተወሰኑ ሺዎች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር፤ 7.5 ኢንች የሆነው ስክሪናቸው ቤት ውስጥ ባለቀለም፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ደግሞ የጀርባ መብራቱ ጠፍቶ በጥቁርና ነጭ በደንብ የሚነበብ ነበር። ጸሐፊው ያን ጊዜ መምህር ስለነበሩ ልጆቹ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ ቀለሙ ሲጠፋና ሲመለስ መመልከትን ጨዋታ አድርገውት እንደነበር ያስታውሳሉ።

መልስ 21 በመጨረሻ ወደ ችግሬ ተመለሰ። ዛሬ በሱቅ የሚገኙት ባለቀለም የኢ-ኢንክ ስክሪኖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ካሌይዶ የሚባለው በጥቁርና ነጩ ላይ ማጣሪያ የደረበ ሲሆን፣ ሦስተኛው ትውልድ ጥቁሩን በኢንች በ300፣ ቀለሙን በ150 ነጥብ ያሳያል፤ የቀለሞቹ ቁጥር 4,096 ነው፤ ቁጥር 13 ያስሉት የማጣሪያ ኪሳራ ግን አለበት። ጋለሪ 3 የተባለው ማጣሪያ ሳይኖረው ባለቀለም ብናኞችን ራሳቸውን ያንቀሳቅሳል፤ ቀለሙ የተሻለ ነው፣ ነገር ግን አንድ ባለቀለም ገጽ ለመቀየር ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈልጋል። ለካርታ ይበቃል የሚል ነበር ምክራቸው።

እኔ ግን ካርታ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቆሞ የሚነበብ እንዳልሆነ ጻፍኩላቸው። ቀያሽ ካርታውን በጣቱ እየጎተተ፣ እያሰፋና እያጠበበ፣ ነጥብ ፈልጎ አግኝቶ ለአንድ ደቂቃ ያፈጥበታል፤ ከዚያ እንደገና ይጎትታል። ቆሞ የሚያድርም፣ ሲሮጥ የሚውልም ምስል አይደለም። ዘይትና ውሃው የሚሻለው ልክ እዚህ መሐል ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለውን መሐል የሚፈልጉ ሰዎች ቁጥር ግን ቁጥር 16 የነገሩንን ፋብሪካ ለማቆም የሚበቃ አይመስለኝም። ቁጥር 15 ለዚህ በአጭሩ መስማማታቸውን ጽፈው፣ በዚያው አንቱ ብለውኛል።

ቁጥር 22 የማተሚያ ቤቱ ሰው ናቸው። እስከዚያው ድረስ ካርታውን በትልቅ ወረቀት፣ በአራት ቀለም አትመው ሊሰጡኝ ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ ውሃ የማያበላሸው ወረቀትም እንዳላቸው ጻፉ። ሰኞ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ፤ የኮንቱሩን፣ ማለትም የከፍታ መስመሮቹን፣ ቡናማ ትንሽ እንዲያጠቁሩት ብቻ ለምኛቸዋለሁ።